አራት አይባልም

ጥር 4

ዛሬም ሸሚዝ። የሆቴሉ ልብስ ጠዋት መጣና ላውንደሪው ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ጀርባ… ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ጀርባ። አራት ምት። እኔ ድራም ከተውኩ ስንት ጊዜዬ፣ እጄ ግን አልተወም።

ላውንደሪው የባለቤቴ ነው። እሷ ከፊት ትቀበላለች፣ እኔ ከኋላ እተኩሳለሁ። ወድጄ ነው። ከፊት የሚቆም ሰው ማውራት አለበት፣ እኔ ደግሞ ስናገር እንተባተባለሁ። ዛሬ ግን እሷ ጥርሷን ልትነቀል ሄደችና ከፊት ቆምኩ። ሬዲዮው ክፍት። የወርቄ አዲስ አልበም። ሁለተኛው! ሰው ስንት አልበም ያወጣል በፈጣሪ?

አንዲት ሴትዮ ቡናማ ኮት ይዛ ገባች። አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ አለበት። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከሬዲዮው ጋር ታንጎራጉራለች።

«የዚህ ሰውዬ ድምፅ አንጀት አይበላም?» አለችኝ። «ባንዳቸው ሳይፈርስ ኮንሰርታቸው ላይ ነበርኩ እኮ። ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሰነበተ። ጋሼ፣ ሙዚቃ ይወዳሉ?»

ራሴን ወዘወዝኩ። አልወድም ማለቴ ነው።

ውሸታም!

ጥር 6

ባለቤቴ ሬዲዮውን ሆን ብላ ከፍ ታደርገዋለች። ጉንጯ አብጦ እንኳ አትምርም።

«ዝ-ዝጊው» አልኳት።

«ጓደኛህ አይደል? ይዝፈን።»

«የ-የድሮ ጓደኛ።»

«ድሮ ደግሞ የት ሄደ?»

ወደ ኋላ ገባሁና ካውያዬን አነሳሁ።

እስቲ በብዕር ልዘርዝረው። ብዕር ስይዝ አልንተባተብም። የሮክ ባንድ ነበርን፣ አራት ሰው። ስታዲየም እንሞላ ነበር፣ ጉራ አይደለም። ወርቄ ዘፋኙ። ጥፍሬ ጊታሪስቱ፣ የቀኝ እጁ ጥፍር እንዳይሰበር ዕቃ አጥቦ የማያውቅ። ግድግዳው ቤዝ ተጫዋቹ፣ መድረክ ላይ የሚደገፈው ካላገኘ የማይቆም። አሁን የግድግዳ ቀለም ይሸጣል፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል። እኔ ድራመሩ።

ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ሁሉም ለየብቻ አልበም አወጡ። ወርቄ ሁለት። ጥፍሬ አንድ፣ ቃል የሌለው፣ ጊታር ብቻ። ግድግዳው አንድ፣ የገዛው ዘመዱ ነው አሉ። አንዱንም ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም። ሬዲዮ በግድ ካሰማኝ በቀር። ለምን? ቅናት ነው? አዎ ቅናት ነው፣ እዚህ ማን ያየኛል። ግን ቅናት ብቻም አይደለም። ወርቄ ባንዱን መተዉን የሰማሁት ከሬዲዮ ነው። ከዚሁ ሬዲዮ። ካውያ እንደያዝኩ ቀረሁና የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። አንድ ቀን እንኳ ደውሎ «እንዲህ ልል ነው» አላለኝም።

የቀረሁት እኔ። ድራመር አልበም ያወጣል እንዴ?

ስልኬ ውስጥ ግን ዘፈኖች አሉ… የራሴ። ከኋላ ክፍል፣ የመተኮሻው ማሽን እንፋሎቱን እየተፋ፣ ሰው በሌለበት የዘፈንኳቸው። ስዘፍን አልንተባተብም። አንድም ቃል አይዘኝም። ይሄን ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ጥር 11

ልጄ ጉድ ሠራችኝ!

ከሥራ ስትመጣ ገና በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። መጀመሪያ አልቆጣም በለኝ» አለች። እንዲህ ስትል ልቤ ይሰቀላል። ሕፃን ሆና ድመት ስታመጣም እንዲሁ ነበር ያለችው።

ከዘፈኖቼ አንዱን ከስልኬ ወስዳ ለአንድ አቀናባሪ ልካለች። የሰው ዜማ ተቀብሎ መሣሪያ የሚያለብስ፣ ስቱዲዮ ያለው፣ ስሙ የተጠራ ሰው። ልቆጣ አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። ልጄ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝ።

«ጋሼ? ዘፈንዎን ሰማሁት። ምን ልበልዎት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ከኋላ ሽሽ የሚለው ነገር ግን ምንድን ነው?»

እንፋሎት ነው ልል፣ «እ-እ-እ…»

«ሄሎ? ሄሎ? እየተቆራረጠ ነው።»

«እ-እን…»

«ኔትወርክ ነው ጋሼ። የኛ ሰፈር ኔትወርክ እንዲህ ነው የሚያደርገን፣ በጣም ይቅርታ። ስቱዲዮ ብቅ ይበሉና በአካል እናውራ።»

«እ-እሺ።»

ልጄ ሶፋው ላይ በሳቅ ፈረሰች። ባለቤቴም። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ደበረኝ። ሰውዬው ኔትወርኩን ሰድቦ ስልኩን ዘጋ። በአካል ሲያየኝስ በማን ያሳብባል?

ጥር 12

አልሄድም።

ጥር 13

ልሂድ እንዴ?

ጥር 15

ቀጠሮ ተይዟል። ልጄ ናት የያዘችው። የድራም ዱላዎቼን ከቁም ሳጥን አናት አወረድኩ። አንዱ ጫፉ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው።

የመጀመሪያውን ልምምዳችንን አስታወስኩ። የወርቄ አጎት ጋራዥ ነበር፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። ዘፈን ሲጀመር ድራመር ይቆጥራል፣ ሌላው አራት ላይ ተዘጋጅቶ አብሮ ይገባል። ሥራዬ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አ-አ-አ-አ…» እምቢ አለ። አንዱ እዚህ ገባ፣ አንዱ እዚያ። እንደገና። «አ-አ-አ…» አንድም አራትም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ እኮ። አንድ ይወጣል፣ አራት አይወጣም። ምክንያቱን እንጃ። አራት ላይ ሰው ሁሉ ስለሚጠብቀኝ ይሆን?

ዱላዬን አስቀምጬ ልወጣ ስል ወርቄ፣ «የት ልትሄድ? ሦስት ላይ አቁም። አራትን እኛ እናውቀዋለን» አለ።

እንደቀልድ። ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። ሦስት ላይ አቆምኩ፣ አንድ ምት ዝም፣ ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሦስቴ» ሆነ። በኋላ ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ ነገሩን ያዘና እኔ ሦስት ብዬ ዝም ስል ስታዲየሙ በሙሉ «አራት!» ብሎ ይጮህ ጀመር። ሁሉም ሆን ብዬ የማደርገው፣ የመድረክ ዘዴ ይመስላቸዋል። ጋዜጣ ላይም እንደዚያ ተጽፏል። ይምሰላቸው።

ጥር 18

ምነው ባልሄድኩ።

ስቱዲዮው ጥሩ ነው፣ ምንጣፍ በምንጣፍ። ሦስት ወጣት ተጫዋቾች፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ጊታር። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠባብ ክፍል፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ። እኔም ለብቻዬ ከድራሜ ጋር። አቀናባሪው ከመስታወት ወዲያ። ሰላም ስለው ገና በመጀመሪያው ቃል ገባው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ኔትወርኩ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ደህና ሰው ነው፣ አልጠላሁትም።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»

ኪቦርዱ ቶሎ ገባ። ቤዙ ዘገየ። ጊታሩ ጭራሽ አልገባም።

«ጋሼ፣ አራትስ?» አለ ጊታሩ በማዳመጫው። ፌዝ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ሞከርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ስቱዲዮ። አ-አ-አ-አ… ሦስቱ ልጆች በየመስታወታቸው ውስጥ አቀርቅረው ይጠብቁኛል። አቀናባሪው፣ «ችግር የለም፣ ኮምፒውተሩ ይቆጥራል» አለ። ኮምፒውተሩ ቆጠረ። ጥርት አድርጎ፣ እስከ አራት። ሁላችንም በሰዓቱ ገባን፣ በሰዓቱ ጨረስን። አቀናባሪው ሲያሰማኝ… የተተኮሰ ሸሚዝ። መጨማደድ የለ፣ ውስጡም ሰው የለ።

ከዚያ አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ዘፈኖቹ በጣም ጥሩ ናቸው። እንዳይቀየሙኝ። አልበም ማለት ዘፈን ብቻ አይደለም። ሬዲዮ አለ፣ መድረክ አለ፣ ሕዝብ ማናገር አለ። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ አለ፣ እሱ ይዝፈናቸው። ግጥምና ዜማ የእርስዎ መሆኑ ይጻፋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ያስቡበት።»

እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። ዱላዎቼን ረስቼ።

ጥር 19

ሸሚዝ። ሸሚዝ። ሸሚዝ።

ጥር 21

በቤት ውስጥ ጦርነት። ባለቤቴ ተነስታ፣ «ለሰው ትሰጠዋለህ? ስንት ክረምት እንፋሎት ውስጥ ተቀምጠህ የዘፈንከውን? እኔ እዚህ ከፊት ቆሜ ሰው እንዳይገባብህ ስጠብቅልህ የነበረውን?» አለች።

ትጠብቅልኝ ነበር ለካ! አላውቅም ነበር።

«ታ-ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ዘፈን ያንተን ብቻ ነው።»

ልጄ አስታረቀችን። «አባዬ፣ ሌሎቹስ ብቻቸውን ሲወጡ ምን አደረጉ? ያለ አንተ እንዴት ጀመሩ? አንድ ቀን ሰምተሃቸው ታውቃለህ?»

«አልሰማም።»

«ኩርፊያህ የትልቅ ሰው አይመስልም እኮ።»

አራቱንም አልበም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። የወርቄን ሁለቱን፣ የጥፍሬን፣ የግድግዳውን። «እየተኮስክ ስማ። ሌላ ምን ሥራ አለህ?» ብላኝ ሄደች። ምላሷ የእናቷ ነው።

ጥር 22

ከግድግዳው ጀመርኩ፣ እሱ ብዙም አያናድደኝም። ድምፁ ያው ነው፣ ጉሮሮው ውስጥ በርሜል የሚንከባለል። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ራሱ ይቆጥራል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ዝም።

ከዚያ ቤዙ ገባ።

ካውያውን አስቀመጥኩ። መለስኩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ዝም። አራት የለም። ተቆርጦ ይሆን? እንደገና። ተቆርጦ አይደለም፣ በዝምታው ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ሰውዬው ትቶታል። የምንተባተበው እኔ፣ እሱ ምን ሆኖ?

ጥር 23

የጥፍሬ አልበም። ቃል የለውም ብዬ ንቄው የነበረ። እውነትም ቃል የለውም፣ የመጨረሻው ላይ ካልሆነ። እሱ ላይ ከመጀመራቸው በፊት የተናገሩትን ሳያጠፉት ትተውታል። ጥፍሬ ይቆጥራል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ከዚያ የመሣሪያ ግርግር፣ ሁሉም በየቦታው ይገባል። ሳቅ። አንድ ወጣት ድምፅ፣ «አራት የት ሄደ?» ይላል።

ጥፍሬ፣ «አራት አይባልም» ይላል።

«ለምን?»

«አይባልም በቃ። እኛ ቤት አይባልም።»

ከዚያ እንደገና ይቆጥራል። ሦስት። ዝም። ይገባሉ።

እኛ ቤት አለ። የትኛው ቤት? ባንዱ ከፈረሰ ስንት ጊዜው… እኔ እዚህ ረሱኝ እያልኩ ሸሚዝ ስተኩስ እነሱ በየስቱዲዮው ሦስት ላይ እያቆሙ ሰው ግራ ሲያጋቡ ነበር። አለቀስኩ። ባለቤቴ ልብስ ልትወስድ ገብታ አየችኝ።

«እ-እንፋሎት ነው» አልኳት።

«ማሽኑ እኮ ጠፍቷል» አለችና በሩን ዘጋችልኝ።

ጥር 24

ወርቄን ሰማሁ። ሁለቱንም አልበም፣ እስከ መጨረሻው። ቆጠራ የለም። አንድም ቦታ። ሁሉም በኮምፒውተር። ይሁን… እሱ ምን ቸገረው።

አንድ ነገር ግን ጆሮዬን ቆረቆረው። ትንፋሹ የለም። ወርቄ ከመዝፈኑ በፊት ትንፋሽ ይስባል፣ እስከ ስታዲየሙ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር፣ ሴቶቹ እሱን ሰምተው ነበር የሚጮሁት። እዚህ ላይ የለም። ቃሉ ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ይላል። በየዘፈኑ። ለምን ይቆርጡታል?

ጥር 26

ወርቄ መጣ!

ጥቁር መነጽር፣ ኮፍያ፣ ክንዱ ላይ ሱፍ። ከኋላ ሆኜ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ውይ! አንተ ሰው! ምን እግር ጣለህ?»

«ይሄ ሱፍ ጠበበኝና እስቲ ብታሰፉልኝ ብዬ።»

«ሱፉ ነው የጠበበው ወይስ አንተ ነህ የሰፋኸው?»

ሳቁ ያው ነው። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ገባና የሆቴሉ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለ። መነጽሩን አወለቀ። አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። ማን ይጀምር?

«ሦስቴ» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ… ኮስተር ልል ነበር ያሰብኩት፣ አልሆነልኝም።

«ልትዘፍን ነው አሉ።»

«ማ-ማን አለ?»

«ግድግዳው። ልጅህ ደውላለት።»

ይህቺ ልጅ! አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ሌላ ነበር። «ት-ትንፋሽህ የት ሄደ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተወው። አንሶላውን በጣቱ ሲቆነጥር ቆየ። «ሰማኸው? ማንም አልሰማውም እኮ። እዘገያለሁ፣ ሦስቴ። ኮምፒውተሩ ይቆጥራል፣ አራት ይላል። አራት ሲል እደነግጣለሁ። ከሕዝቡ ጩኸት በቀር ስንሠራ ቃሉን ከማንም ሰምቼው አላውቅማ! ስደነግጥ እዘገያለሁ። አንዴ አይደለም፣ ሁሌ። ከዚያ ድምፄን እየቆረጡ ወደ ፊት ይስቡታል፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ይወድቃል።»

«ኧ-ኧረ?»

«እናቴ ትሙት! አዳዲሶቹ ልጆች ይሄ ሰውዬ ሸመገለ እያሉ ያሙኛል።»

ሳቄ መጣ። አፈንኩት፣ አልታፈነም። ሁለታችንም ሳቅን፣ እሱ አንሶላው ላይ እስኪንከባለል።

«አንተ ግን አራት ላይ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ዝ-ዝም ነዋ።»

«ዝም ብቻ አይደለም። ትከሻህ ይነሳል። ግራው፣ ትንሽ። እኛ ዓይናችን እሱ ላይ ነበር። ሦስታችንም። ሕዝቡ ሳያየው፣ እሱን አይተን ነው የምንገባው። ኮምፒውተር ትከሻ የለውም።»

አላመንኩትም። ባለቤቴ ለደንበኞች ያቆመችው ረጅም መስታወት ፊት ሄድኩ። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» እውነቱን ነው። ግራው። እንዲህ ብድግ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ትከሻ ጋር ኖሬ ሳላውቀው!

«በሬዲዮ እንድትሰማው አልነበረም ሐሳቤ» አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። «እደውላለሁ እያልኩ… ስልክ አይወድም አልኩ። ሰበብ ነው። ዓይንህን ፈርቼ ነው።»

ምን ይባላል? ወደ መተኮሻው ማሽን ሄጄ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁና ፊቴን ወደሱ አዞርኩ።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»

ትከሻዬ ብድግ ሲል እግሬም ፔዳሉን ረገጠ፣ ማሽኑ ሽሽሽ አለ፣ ወርቄ ትንፋሹን ስቦ ገባ። የመጀመሪያ ዘፈናችን። ሳይዘገይ፣ ሳይቸኩል። ከነትንፋሹ! በጓዳው ያለ ሸሚዝ ሁሉ ማንጠልጠያው ላይ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ከፊት ጫጫታው ቆመ። ባለቤቴ መጋረጃውን ይዛ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

ሲጨርስ፣ «ከፈለግክ ዘፈኖችህን እኔ እዘፍናቸዋለሁ። በነፃ። ስቱዲዮው ሌላ ሰው ፈልጓል ብላለች ልጅህ» አለኝ።

ወርቄ! የሱን ድምፅ የማይመኝ ማን አለ? አንድ አፍታ አማረኝ፣ አልዋሽም። ባለቤቴ መጋረጃውን ጭምድድ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«አ-አይ» አልኩት። «እኔው።»

«እንደሱ በል!» አለና ተነስቶ አቀፈኝ። ሱፉን ትቶት ሄደ። በእውነትም ጠቦታል።

ጥር 28

ለአቀናባሪው ደወልኩ። እኔ! በራሴ እጅ! ልጄ ደነገጠች፣ ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘጋች።

«እ-እ-እኔ ነኝ…»

«ጋሼ? ይሰማኛል፣ ትንሽ ይቆራረጣል ግን…» ልማድ ሆኖበት እኮ ነው፣ ምስኪን።

«ኔ-ኔትወርክ አይደለም። የምንተባተበው እኔ ነኝ። ዘ-ዘፈኖቹን… እኔው ነኝ የምዘፍናቸው። ሬ-ሬዲዮም… እኔው እናገራለሁ። የ-የሚቸኩል ሰው… አይስማኝ።»

ዘጋው እንዴ ብዬ ስልኩን አየሁት።

«ጋሼ፣ መቼ ይመችዎታል?» አለ።

የካቲት 3

መጀመሪያ ልጆቹን ከየክፍላቸው አስወጣኋቸው። አቀናባሪው፣ «በአንድ ክፍል ድምፅ ይደባለቃል» አለ። «ይ-ይደባለቅ» አልኩት። ወንበር ስበው ከበቡኝ። ስለ ትከሻዬ ነገርኳቸው። ለመናገር ጊዜ ፈጀብኝ፣ ግን ጠበቁኝ። ኪቦርዱ ሊያግዘኝ አንድ ቃል አቀበለኝ፣ ተሳስቶ። አንድ ላይ ሳቅን።

የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛውም። ጊታሩ ብቻውን ይዘገያል።

«ት-ትከሻዬን አላየህም?»

«እያየሁ ነው ጋሼ። አልተነሳም።»

«የ-የቱን ነው የምታየው?»

ቀኙን! ጥፋቱ የኔው ነው፣ ግራ መሆኑን መች ነገርኳቸው።

ከዚያ… አንድ። ሁለት። ሦስት። ያቺን ዝምታ እንዴት ልጻፋት። ሦስት ጥንድ ዓይን እኔ ላይ። ምንም አልፈራሁም። ገባን። እኔም ዘፈንኩ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቃል ሳይዘኝ፣ ዱላዬ ሳይሳሳት። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ሁለቴ ልጽፈው ነው፣ ደስ አለኝ።

አቀናባሪው የረሳኋቸውን ዱላዎች በፎጣ ጠቅልሎ አስቀምጧቸው ኖሯል።

መጋቢት 12

ጥፍሬ ደወለ። ስልኩን አነሳሁ! የወጣውን ዘፈኔን ሰምቶታል። «እኛ ቤት ድሮም እንዲህ ነው» አለኝና ዘጋ። እሱም ወሬ አያበዛም።

ሚያዝያ 2

ሬዲዮ ጣቢያ። ቀጥታ ስርጭት። አቀናባሪው ከመስታወት ወዲያ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ጠያቂዋ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን አንድ ቃል በያዘኝ ቁጥር ቀድማኝ ትጨርስልኛለች። ሁለቴ ታገስኩ። ሦስተኛው ላይ፣ «ቆ-ቆይ እቴ፣ ራሴ እጨርሰዋለሁ» አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። የጊዜያችን ግማሽ ዝምታ ሳይሆን አልቀረም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «ለእኔ እንኳ እንደዛሬው አውርተህ አታውቅም» አለች። ቅናት መሆኑ ነው።

ግንቦት 9

ባለቤቴ ሌላኛው ጥርሷ አስቸግሯት ሄደች። ዛሬ ግን አልተጨነቅኩም፣ ሰሞኑን ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ። «አንተ ስትቀበል ሰው አይጨቃጨቅም» ትለኛለች። የሚጨቃጨቀኝ እስክጨርስ መጠበቅ ይፈራል ማለቷ ነው።

ያቺ ቡናማ ኮት ያላት አስተማሪ ኮቷን ልትወስድ መጣች። በዚህ ሙቀት ኮት ምን ያደርግላታል… ከታጠበ ቆይቷል፣ ረስታው ነው። አወረድኩላት። ጠረጴዛው ላይ ሳጥፍላት ሬዲዮው አዲስ ዘፈን ጀመረ።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»

«አራት!» ብላ ጮኸች።

ሌላ ደንበኛ ዞሮ አያት። አፏን ያዘች። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሳላስበው ነው። ከልጅነት የቀረ ነው። ኮንሰርት ላይ እንዲህ ነበር የምንለው…» ከዚያ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አዘነበለች። «ቆይ፣ ይሄ እኮ ድራመራቸው ነው! መዝፈን ይችላል እንዴ?» ጥቂት አዳመጠች። አላንጎራጎረችም፣ ዝም ብላ ነው የሰማችው። ዓይኗ እርጥብ ብሏል።

«ይሄ ሰውዬ ግን አራትን ለምን አይልም?» አለችኝ። «ስታይሉ ነው አይደል?»

ራሴን ልወዘውዝ ነበር። ያው በጥር እንዳደረግሁት። ተውኩት።

«አ-አይደለም» አልኳት። «አ… አ-አ…» ጠበቀችኝ። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ አልቸኮለችም። «አ-አ-አራት አይወጣልኝም።»

አየችኝ። ሬዲዮውን አየች። እንደገና እኔን፣ ረጅም ጊዜ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሁን ወጣ እኮ።»

እውነቷን ነው። ወጣ።

ኮቷን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ሄደች። ነገ ትመለስ ይሆናል። ከፊት እኔ ነኝ።